የማረሻ ሥራና ሽልሻሎ በሲሪንቃ አካባቢ

በሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ በምትገኘው ሲሪንቃና በአጎራባቾቿ መርሳና ወልድያ የእርሻ መሣሪያ አሠራር ለሁለት ባለሙያዎች የተከፈለ ሆኖ ኖሯል፤ ገበሬው ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ድግሩንና ቀንበሩን ራሱ ጠርቦ ሲያዘጋጅ፣ የብረቱን ክፍል፣ ማለትም መሬቱን የሚሰነጥቀውን ማረሻና ማረሻውን ከድግሩ ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ወገል ከቀጥቃጭ ይገዛል። ቀጥቃጩ ብረቱን በከሰል እሳትና በወናፍ አግሎ ጫፉን ያሾላል፤ በድንጋያማ ማሳ የዶለደመውንም መልሶ ይስላል። የእጁ ሥራ ያልደረሰበት እርሻ ሳይኖር «ቡዳ» እየተባለ ከመሬትና ከጋብቻ መገለሉ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ከባድ በደሎች አንዱ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ለረጅም ዘመን ዘልቋል።

ማረሻው ከዘር በፊት ብቻ የሚያገለግል መሣሪያ አይደለም። ማሽላው ከበቀለ ከአንድ ወር በላይ ሲሆነው ገበሬው በሬዎቹን በቡቃያው መካከል እየነዳ መሬቱን በስሱ ያርሳል፤ ሽልሻሎ የሚባለው ይህ ሥራ አረሙን ይነቅላል፣ የተፋፈገውን ቡቃያ ያሳሳል፣ በትልሞቹም መካከል የዝናቡን ውሃ ያቁራል፤ ስለዚህ ክረምቱ ቶሎ በሚወጣበት በዚህ ምድር ለአዝመራው ዋስትና ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ግራና-1ን የመሰሉ የማሽላ ዝርያዎችን ቢያወጣም፣ ማሽላው በብተና በተዘራበት ማሳ ትራክተር ሰብሉን ሳይደፈጥጥ የሚያልፍበት መስመር ስለሌለ ሽልሻሎው ለበሬና ለማረሻ የተተወ ነው።