ሁለት ፊደል ያለበት ደብተር
ባለ መስመር ደብተር፣ እስክርቢቶ። ሮቤ፣ ባሌ

ደብተሩ የእኔ ነው። በባሌ ተራሮች ስላለው የሳነቴ አምባ የጻፍኩት የመጀመሪያ ገጽ «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «ማራኪ» በሚሉ ቃላት የተሞላ ነበር፤ ሁሉም በቀይ ተሰርዘዋል። መምህሬ ኅዳጉ ላይ «ምን አየሽ?» ብለው ጻፉ። የለወጠኝ ይህ ጥያቄ ነው። ቀጣዩ ገጽ ላይ ከጎባ ሽቅብ ወጥቼ ያየሁት አለ፦ ጅብራ ላይ ያረፈ አመዳይ፣ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ ቀይ ቀበሮ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ጉም ውስጥ ሲገባ።

በግራ በኩል በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ የተጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው፤ በቀኝ አማርኛው። ድሮ አንዱን ወደ ሌላው እተረጉም ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩም ይሰባበርብኝ ነበር። አሁን እያንዳንዱን ከሥሩ እጽፈዋለሁ። አያቴ የስንዴ አጨዳ ላይ የምትናገረው ግን እስካሁን በአማርኛ አልሞላልኝም፤ የቀኙ ገጽ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ለዚህ ነው። በአምቦ አካባቢ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና ተማሪ ሳሉ ተውኔት መጻፋቸውን ሳውቅ ድፍረት አገኘሁ።

የመጨረሻዎቹ ባዶ ገጾች ለሐረና ጫካ ማር ቆራጮች የተተዉ ናቸው። ክረምቱ ሲወጣ ወርጄ፣ ቀፎ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚሰቅሉ ከራሳቸው አፍ ሰምቼ እጽፋለሁ።