የአልዩ አምባ ገበያና የዛሬው ቤት ገዥ



ከአንኮበር በታች በይፋት ምድር አልዩ አምባ የምትባል ጥንታዊት የገበያ ከተማ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨው ይዞ ይገባባት፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይወጣባት ነበር፤ ባሪያም ጭምር ይነዳባት እንደ ነበር መደበቅ አይገባም። ማደሪያ የሚሻ እንግዳ ስለማይታጣ ቤት ያለው ሰው ቤቱ ያበላው ነበር። ኋላ ግን የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ጭነቱ መንገድ ለወጠ። የአልዩ አምባ ቤት ያው ቤት ነው፤ የጐደለው አዳሪው ነው።

ኢጣልያኖች በጣርማ በር ተራራውን በስተው የመኪና መንገድ ካወጡ በኋላ ዕድሉ ወደ ቆላው ዞረ። ወደ ደሴ የሚወርደው መኪና ሸዋ ሮቢትን ሳይረግጥ አያልፍም፤ የቆላው ሽንኩርትና ማሾም ከዚያ ይጫናል።

ይህን ማንሣቴ ከደመወዙና ከዕቁቡ አጠራቅሞ ቤት ለመግዛት ለሚያስበው የመንግሥት ሠራተኛ ብዬ ነው። የተጠየቀው ዋጋ እውነተኛ ነው ወይስ እንደ አረፋ ያበጠ? የመጀመሪያው ሚዛን ኪራይ ነው። ለምሳሌ 6,000,000 ብር የተጠየቀበት ቤት በወር 15,000 ብር ቢከራይ በዓመት 180,000 ብር ያስገባል፤ ገንዘቡን ለመመለስ ከ33 ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ያውም ዕድሳቱና ግብሩ ሳይታሰብ። ዋጋው በየዓመቱ እየዘለለ ኪራዩ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ገዥው የሚተማመነው ነገ ከእርሱ በሚገዛው ሰው ላይ ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በዚህ ተስፋ መሬት ሲሻሙ ቆይተው፣ ከ1991 ወዲህ ዋጋው ለብዙ ዓመታት ወርዶባቸዋል።

በአገራችን ግን ይህ ሚዛን ብቻውን ያሳስታል። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ ኋላም በሊዝ ጨረታ ይሰጥ ጀመር። በ2007 ዓ.ም. መርካቶ ላይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የሰጠ ተጫራች ታይቷል። በዚያ ላይ ብር ሲረክስ ሰው ገንዘቡን በድንጋይና በሲሚንቶ ይሸሽጋል። ስለዚህ ውድ ሁሉ አረፋ አይደለም።

እንግዲህ በሸዋ ሮቢትም ሆነ በአዲስ አበባ ቤት የሚያይ ሰው የደላላውን ቃል ለጊዜው ያቆየው። ለሽያጭ የቀረቡት ቤቶች ገዥ ሳያገኙ ስንት ወር እንደ ቆዩ ይጠይቅ። ሲመሽም ተመልሶ በዚያ ሰፈር መብራት የሚታይባቸውን መስኮቶች ይቁጠር።