የታሪክ ማስታወሻ፦ አኒክ የተሰናከለበት ዕለት

የዛሬው ማስታወሻችን እ.ኤ.አ. ወደ ጃንዋሪ 20 ቀን 1994፣ ወደ ካናዳ ይወስደናል።

በዚያን ዕለት አኒክ ኢ-1 የተባለው የመገናኛ ሳተላይት በድንገት ሚዛኑን ሳተ። ለጋዜጦችና ለሬዲዮ ጣቢያዎች ይደርስ የነበረው ዜና ተቋረጠ፤ በሰሜኑ በረዷማ ምድር የሚኖሩ ሰዎችም ስልካቸው ዝም አለባቸው። ባለሙያዎቹ ለ7 ሰዓታት ያህል ታግለው ሳተላይቱን መለሱት። እፎይ ሳይሉ ግን መንትያው አኒክ ኢ-2 ተከተለ። የእሱስ የባሰ ነበር፤ ሚዛን የሚጠብቅለት መሣሪያ ከነመጠባበቂያው ተበላሸና ከምድር ሆነው የሚቆጣጠሩበት ዘዴ እስኪበጅለት ድረስ ወራት ፈጀ።

ጥፋቱን ያመጣው የፀሐይ ፍንዳታ አልነበረም። ከፀሐይ ዘወትር የሚነፍስ የቅንጣቶች ነፋስ አለ፤ በአዘቦቱ ቀን በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የኮሮና ቀዳዳ ከሚባለው የፀሐይ ስፍራ ሲወጣ ግን 700 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። ነፋሱ ተሸክሞት የሚመጣው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ባዘነበለ ቁጥር ከምድር መስክ ጋር ይጋጠምና ኃይሉን ወደ ውስጥ ያስገባል። በውስጥ የሚቀሰቀሱት ሞገዶች ኤሌክትሮኖችን እየገፉ ወደ ብርሃን ፍጥነት ያቃርቧቸዋል። እነዚህ ኤሌክትሮኖች የሳተላይቱን ግድግዳ አልፈው በሽቦ መሸፈኛውና በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ውስጥ ይከማቻሉ፤ እንስራ በጠብታ እንደሚሞላ፣ ቀስ በቀስ። ክምችቱ ሲበዛ በብልጭታ ይወጣል፤ መሣሪያውንም ያቃጥላል። አኒኮቹ ከመሰናከላቸው በፊት ፈጣኑ ነፋስ ለቀናት ሳያቋርጥ ነፍሶ ነበር።

እነዚህ ቅንጣቶች የሚኖሩበትን፣ ምድርን የከበበውን የጨረር ቀበቶ ያገኘው ተመራማሪው ጄምስ ቫን አለን ነው። በ1958 ኤክስፕሎረር 1 በተባለው ሳተላይት ላይ የጫነው የቅንጣት ቆጣሪ በአንዳንድ ስፍራ ዜሮ ያሳይ ነበር። ምክንያቱ ቅንጣት መጥፋቱ ሳይሆን ከመጠን በላይ መብዛቱ እንደሆነ እርሱና ባልደረቦቹ ደረሱበት፤ በእኔ እምነት ከዘመኑ ታላላቅ ግኝቶች አንዱ ነው። በ1979 ደግሞ ፖሊካስና ብሌክ የተባሉ ተመራማሪዎች የኤሌክትሮኖቹ ብዛት የነፋሱን ፍጥነት እንደሚከተል አሳዩ። እውቀቱ ከአኒክ አደጋ 15 ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ኤሌክትሮኖቹ የሚበዙት ነፋሱ ከፈጠነ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፀሐይ ቀርበው የሚዞሩ መንኮራኩሮች ነፋሱን ይለካሉ፤ የሳተላይት ተቆጣጣሪዎችም በዚያ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ክፍተት ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይደርሳቸዋል።