መብራት በቡና አገር፦ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ

በ1933 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ በኢትዮጵያ የተስፋፋው የኤሌክትሪክ አገልግሎት በአመዛኙ የከተማ አገልግሎት ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ብርሃንና ኃይል ባለሥልጣን፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው፣ ሥራውን ያተኮረው በከተሞች ላይ ሲሆን፣ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብም 43 ሜጋዋት ያህል ኃይሉን የሰጠው በተለይ ለአዲስ አበባና በአቅራቢያዋ ላሉ ከተሞችና ፋብሪካዎች ነበር። በዚያው ዘመን ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚያስገኘው ቡና ሆኖ ሳለ፣ ቡናውን የሚያመርተው የከፋና የኢሉባቦር ገበሬ ግን ምሽቱን የሚገፋው በኩራዝ ነበር፤ ይህም በባዶ ጣሳ ነጭ ጋዝ ተሞልቶ፣ በክዳኑ ቀዳዳ የጨርቅ ክር ወጥቶ የሚበራ፣ ጣሪያውን በጥላሸት የሚያለብስ መብራት ነው። ይህ አለመመጣጠን በአገሪቱ የኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም።

ቡናው ራሱ ኃይል የሚፈልገው እንደ አዘገጃጀቱ ነው። ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው በፀሐይ የደረቀ ቡና፣ ከሙቀጫ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም። እሸት ቡና ግን ፋታ አይሰጥም፤ ቀዩ ፍሬ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ጀምሮ ጣዕሙ ይበላሻል፣ የቀኑ ለቀማ ተሰብስቦ ማጠቢያው ዘንድ የሚደርሰው ደግሞ ሲመሽ ነው። ስለዚህ መፈልፈያው በሌሊት መሥራት ነበረበት፣ ለዚህም ሞተርና መብራት ያስፈልጉት ነበር። እንደ በበቃና ቴፒ ባሉ የመንግሥት የቡና እርሻዎችም ኃይል በቅድሚያ የሚያስፈልገው ለማሽኑ ነበር፤ የለቃሚው ጎጆ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ነበር።

ከዋናው የኃይል መስመር ያልተገናኙ ከተሞች «ራሱን የቻለ ሥርዓት» በሚባለው አሠራር፣ ማለትም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የናፍጣ ጄኔሬተር ወይም አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ይገለገሉ ነበር። ዝናብ በሚበዛበትና መንገድ በሚጨቀይበት በዚህ የቡና አገር የናፍጣ ቦቴ ሲዘገይ መብራቱም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው የ5 ሜጋዋት፣ በሚዛን ተፈሪ አካባቢም በደምቢ የተሠራው የ0.8 ሜጋዋት ማመንጫ ዋጋቸው የታወቀው እዚህ ላይ ነበር። ደምቢ ከቆቃ ጋር ሲነጻጸር ከሃምሳ እጅ በላይ ያንሳል፣ ነገር ግን ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ነዳጅ አይጠብቅም ነበር፤ ያንኑ ቡናውን የሚያበቅለውን ዝናብ ወደ መብራት ይለውጥ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ግድብ በጅማ አካባቢ ሥራ ሲጀምር፣ ቀጥሎም የገጠር ኤሌክትሪክ ፕሮግራሙ ሲስፋፋ፣ ምሰሶዎቹ ዋናውን መንገድ ተከትለው ወደ ከተሞቹ ዘለቁ። የቡና ገበሬው ቤት ግን በመንገድ ዳር የተደረደረ አይደለም፤ በየማሳው መካከል፣ በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ተበታትኖ ስለሚገኝ፣ ለአንድ ቤት ብቻ የሚዘረጋው ሽቦ ብዙ ምሰሶ ይፈልጋል።