የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን አካባቢ ሲደርስ ከኮረብታው ላይ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ደን ያያል። ጣራ ገዳም ነው። ዙሪያው ታርሶና ተግጦ አፈሩ በተራቆተበት አገር፣ ወይራውና አጋሙ ተጠላልፈው እስከ ዛሬ የቆሙት በገዳሙ ጥላ ሥር በመሆናቸው ነው። ወደዚያ የምወጣው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለጸሎት ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ከሚያፏጨው የሰርቨር ድምፅ ለማረፍም ነበር። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ለሚያይ የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ይታየዋል፤ ርብና ጉማራ በክረምት ከወሰናቸው አልፈው የሚንጣለሉበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ። በሜዳው ውስጥ ወረታ አለች፤ በወረታም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቁልፏን ይዤ የኖርኩባት አንዲት ጠባብ ክፍል።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይቸግረኝ ነበር። በደመወዝ መክፈያው ላይ «የአይሲቲ ባለሙያ» ተብዬ ተጽፌአለሁ። የተማርኩት መጽሐፍ «ሲስተም አድሚኒስትሬተር» ይለኛል። ጎረቤቶቼ «የኮምፒውተር ሐኪም» ይሉኛል፤ ሬዲዮና ካውያም እንድጠግን ያመጡልኛል። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እትዬ ግን (ስማቸውን አልጠቅስም፤ ቢጠቀስ አይወዱም) «ባለ ቁልፉ» ብለው ነበር የሚጠሩኝ። ከሁሉም የቀረበው የእሳቸው ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሙያ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይምሰልዎ። በየገዳሙና በየአድባራቱ ዕቃ ቤት አለ፤ ዕቃ ቤቱም ጠባቂ አለው። በውስጡ ከመስቀሉና ከጽናው ጋር የብራና መጻሕፍት ይቀመጣሉ። ከብራናዎቹም በብዙዎቹ ላይ ግዝት ተጽፎ ይገኛል፤ መጽሐፉን የሰረቀም ሆነ የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ። ይህን ግዝት ያረቀቁት አባቶች ሁለቱን በደሎች ለይተው ማስቀመጣቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ስርቆት አንድ ነገር ነው፤ ፍቀት ሌላ። የሰረቀው መጽሐፉን ይወስዳል፤ የፋቀው ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ እውነቱን ይወስዳል። እኛ በክፍል ውስጥ ስለ መረጃ ደኅንነት የተማርነው የመጀመሪያ ትምህርት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ መረጃው ለማይገባው ሰው እንዳይደርስ፣ ያለ ፈቃድም እንዳይለወጥ። ሦስተኛው መረጃው በተፈለገ ጊዜ መገኘቱ ነው። በአገራችን የሚያስቸግረው ይኸው ሦስተኛው ነው፤ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገርም ይጠቃለላል፦ «ሲስተም የለም»።

ስለዚህች ዐረፍተ ነገር አንድ ታሪክ አለኝ። ከፎገራ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖሩ አዛውንት ለአንድ ማስረጃ ሦስት ቀን ተመላለሱ። ሦስቱንም ቀን በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» ተባሉ። በሦስተኛው ቀን ዱላቸውን ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በትሕትና ጠየቁ፦ «እኒህ አቶ ሲስተም ስብሰባ ገብተው ነው ወይስ ታመዋል? ከታመሙማ ልጠይቃቸው።» መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኋላ ሳስበው ግን በአባባ ቦታ ቢሆን ማንም ያን ይል ነበር። ጌታ የሆነ ሁሉ ስብሰባ ላይ በሚሆንበት አገር፣ ያለ እሱ ፊርማ ምንም የማይሠራ፣ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ መቼ እንደሚመለስም የማይታወቅ ፍጡር ባለሥልጣን እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

አቶ ሲስተም ወደ እኛ ዘንድ የመጡት በሳተላይት ነው። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ሲሆን፣ ለዓመታት ከአዲስ አበባ ብዙም አልራቀም ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት የተባለው ፕሮጀክት ተጀመረና ወደ 600 የሚጠጉ የወረዳ አስተዳደሮችን በሳተላይት ሳህን ከመሀል አገር ጋር ለማገናኘት ታቀደ። በዚያው ዘመን ስኩልኔት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተከለ። ወረዳኔት ለኢንተርኔትና ለስልክ ጭምር የታሰበ ቢሆንም፣ እኔ እንዳየሁት ከሁሉ የተወደደው በምስል የሚደረገው ስብሰባ ነበር። የስብሰባውም ዋነኛ አጀንዳ፣ ቃለ ጉባኤው ምንም ቢል፣ «ይሰማል? ይሰማል?» የሚለው ነው።

ያ ዘመን ለእኛ ለባለ ቁልፎች የሳቅና የላብ ዘመን ነበር። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በአውሮፓውያን 1999 ቢሆንም፣ የየመሥሪያ ቤቱ ጽሕፈት ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በየራሱ ፎንት ይከተብ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የተከፈተ ደብዳቤ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። አንድ ኃላፊ እንዲህ ያለውን የስብሰባ ጥሪ ይዘው መጥተው «ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ክታብ? ያንገት ከሆነ ልሰፋው» ያሉኝን አልረሳም። የሰዓቱ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነበር። አንድ ጊዜ «ነገ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ሲስተሙ ለጥገና ይዘጋል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍሁ። የጻፍኩት ሰርቨሩ በሚቆጥረው ሰዓት፣ በሌሊቱ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ማለቴ ነው። በማግሥቱ ጠዋት በ3 ሰዓት መሥሪያ ቤቱ ኦና ሆነ፤ ሁሉም ማስታወቂያውን አክብሮ ቡና ሊጠጣ ወጥቷል። ሲስተሙ ግን በታሪኩ እንደዚያን ቀን ጠዋት ደህና ሠርቶ አያውቅም። ስለ ጷጉሜን አልናገርም፤ ለ12 ወር ለተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር እንዳለ የማስረዳትን ጣጣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በውጭው ዓለም ከ2000 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ በሐምሌ ወር የመጨረሻ ዓርብ የሲስተም አስተዳዳሪዎች የምስጋና ቀን ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 18 እስከ 24 ባለው ይውላል። በፎገራ ይህ ሳምንት መብረቁ የሚበረታበት፣ መብራቱ በቀን አሥር ጊዜ የሚሄድበት ነው። ምስጋናውን የሚቀበል ባለሙያ በዚያን ሰዓት ዩፒኤሱን አቅፎ ነው የሚገኘው።

ስለ ይለፍ ቃልም ጥቂት ልበል። በመሥሪያ ቤታችን የይለፍ ቃል በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንዲለወጥ ደንብ አወጣሁ። ሰዉም ደንቡን አከበረ፤ በየሦስት ወሩ አዲሱን ቃል በአዲስ ወረቀት ጽፎ በስክሪኑ ግርጌ ይለጥፋል። ከገንዘብ ክፍል አንዷ «ወረቀቱን ማንም አያነበውም፤ የእኔን የእጅ ጽሑፍ እኔም አላነበውም» ብላ ተከራከረችኝ። በፍላሽ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚዛመተው ቫይረስ ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ወሬ ነበር፤ ከየት እንደ ጀመረ አይታወቅም፣ ሁሉም ቤት ግን ደርሷል።

አሁን ወደማያስቀው ልለፍ።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት መብረቅ ወረደ። በዚያ ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ያስገባነው የይዞታ መዝገብ በሰርቨሩ ላይ ነበር። መጠባበቂያ ቅጂም ነበረኝ፤ በየዓርቡ አሠራ ነበር፤ በዚህም እኮራ ነበር። ቅጂው ያለበት ዲስክ ግን ከሰርቨሩ ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ፣ በአንድ ሶኬት ተሰክቶ ይኖር ነበር። ሁለቱም አብረው ተቃጠሉ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ዛሬም ያንን ሌሊት ያስታውሰኛል።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት እኔ አንድ ማስታወሻ ጽፌ ነበር፦ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ስለ ገባ አሮጌው ወረቀት ይወገድ፣ ክፍሉም ይለቀቅ የሚል። ማስታወሻው ተፈርሞ ለእትዬ ደረሳቸው። እሳቸው አንብበው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ይህ መዝገብህ ይነበባል?» ጄኔሬተር እንዳለን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምንም አላሉም። ከመብረቁ ማግሥት ጠርተውኝ ከመዝገብ ቤቱ ጓሮ ያለውን የቆርቆሮ ቤት ከፈቱልኝ። ወረቀቱ ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ፣ ጎርፍ እንዳያገኘው በጣውላ ላይ ተደርድሮ ተቀምጧል። በ1998ቱ ክረምት ፎገራን ውኃ እንዴት እንደዋጣት ያዩ ሰው ናቸውና ጣውላውን አልዘነጉም። የተፈረመውን ትእዛዝ አልፈጸሙም። ባይጥሱት ኖሮ የስንት ገበሬ መሬት በቃል ክርክር ይቀር እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ወደ ጣራ ገዳም ስወጣ ታሪክን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትን ሰብስበው ወደ መቅደላ አስወሰዱ፤ በመድኃኔ ዓለም ስም ለሚያቋቁሙት ቤተ ክርስቲያን። በየደብሩ ተበትኖ የነበረው ሀብት በአንድ አምባ ላይ ተከማቸ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲሰብሩ የተከማቸውን በአንድ ጊዜ አገኙት፤ ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈለጉ። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1864 ዓ.ም. ጽፈው ሲጠይቁ መጽሐፉ ተመለሰላቸው፤ ምክንያቱም ሙዚየሙ ሌላ ቅጂ ነበረው። የንጉሥ ልመና ብቻውን አልበቃም፤ የመለሰው ሁለተኛው ቅጂ ነው። ቴዎድሮስን የምወቅስ አይምሰላችሁ፤ እኔም ሰርቨሬንና ዲስኬን በአንድ አምባ ላይ አኑሬ ነበርና።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሥራ ከመቶ ዓመት በኋላ ተሠርቷል። ከ1973 (እንደ አውሮፓውያን) ጀምሮ በየገዳሙ ያሉትን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ብራናው በየዕቃ ቤቱ ቀረ፤ አንዱ የፊልም ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። በ1968 ዓ.ም. መግቢያ በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ የተሳናቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ርቀው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ለአሥርት ዓመታት ፊልሙን እያነበቡ ዝርዝሩን ጻፉ። ሦስት ቦታ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ፣ ከውቅያኖስ ማዶ አንድ። የዛሬ የሙያችን መመሪያ የሚለውም ይህንኑ ነው፤ ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ።

የደኅንነት ጉዳይ ሲነሣ ሰው ሁሉ ስለ ውጭ ጠላት ነው የሚያስበው። በ1986 (እንደ አውሮፓውያን) በካሊፎርኒያ ክሊፍ ስቶል የተባለ ባለሙያ በሒሳቡ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት አይቶ፣ ፈለጉን ተከትሎ፣ ከምዕራብ ጀርመን ሆኖ ለሶቪየት ስለላ ድርጅት የሚሠራ ሰርጎ ገብ አገኘ። እኛ ዘንድ ደግሞ በመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሌላቸው ገንዘብ ላይ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደወጣ ገለጸ፤ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ በሲስተም ማሻሻያ ሥራ ላይ የተፈጠረ ችግር ነው አለ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ያልመለሱት ስምና ፎቶግራፍ በይፋ ተለጠፈ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። በስቶል በኩል 75 ሳንቲም ጠላት ነበረው፤ በእኛ በኩል 801 ሚሊዮን ብር ጠላት አልነበረውም። ያን ሌሊት ሥራ ላይ የነበረውን ባለ ቁልፍ አላውቀውም፤ ዜናውን ስሰማ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

የመጨረሻው ነገር የ2013 ክረምት ነው። ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ሲቃረብ ወረታ ላይ ሰው ዕቃውን መሸከፍ ጀመረ። እኔም ሁለት ዲስክ ቀዳሁ፤ ሁለቱንም በይለፍ ቃል ቆለፍኳቸው። አንዱን በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ባሕር ዳር ይዤው ሄድኩ። ሌላውን ጡረታ ወጥተው ወደ ነበሩት ወደ እትዬ ቤት ወሰድኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ከውኃ ይራቅ?» አሉ። «አዎን» አልኩ። «ከመብራትም?» አሉ። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ።

ጦሩ ወረታ አልደረሰም። ሁለት ወር ያህል ቆይቼ ዲስኩን ልወስድ ስሄድ ከዱቄት ዕቃው ሥር፣ በነጠላ ቁራጭና በላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ። በርበሬ ይሸታል። ሰክቼ ስሞክረው ተነበበ። ሲያስረክቡኝ በሁለት እጃቸው ይዘው ፈገግ አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«እንካ ልጄ፤ አቶ ሲስተም ደህና ከርመዋል።»