እምኀበ አልቦ፤ ስለ አለመኖር የሊቃውንት ትምህርት

ጥቂትና የማይረባ ነገር ሲያጋጥመን «ኢምንት» እንለዋለን። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ነው፤ «ምንም ያልሆነ» ማለት ነው። እኛ ግን ለቅንጣት ገብስም ለአንዲት ሳንቲምም እንሰጠዋለን፤ እነዚህም ያሉ ናቸው። ፍጹም አለመኖር በአሳብ ለመያዝ እጅግ የሚያስቸግር ነውና፤ የሌለውን ስም ባወጣንለት ጊዜ ወዲያው ያለ ይመስለናል።

በዚህ የተሰናከለ አንድ የምዕራብ ሰው ነበረ። በ800 ዓ.ም ገደማ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን) ፍሬደጊስ የተባለ ዲያቆን ስለ አለመኖርና ስለ ጨለማ አንድ መልእክት ጻፈ። ስም ሁሉ ነገርን ያመለክታል፤ «ምንም» ደግሞ ስም ነው፤ እንግዲያስ «ምንም» አንድ ነገር ነው አለ። ንጉሡ ሻርለማኝም ነገሩ ቢያስደንቀው ሌላ ሊቅ እንዲመረምረው አዘዘ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1076 ዓ.ም አንሴልሞስ መልሱን አቀና፤ «ከምንም ተፈጠረ» ማለት «የተፈጠረበት ነገር የለም» ማለት እንጂ፣ «ምንም» የሚባል ጭቃ አለ ማለት አይደለም።

የአገራችን መምህራን የያዙት ቃል ግን ከዚህ ስሕተት አስቀድሞ የሚጠብቅ ነው። «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» ይላሉ፤ ከሌለበት ወዳለበት፣ ካለመኖር ወደ መኖር ማለታቸው ነው። ለአለመኖር የነገር ስም አላወጡለትም፤ «የለም» ብለው ብቻ ተዉት። «ኀበ» ሥፍራን ያመለክታል የሚል ቢኖር፣ ሥፍራም ራሱ ከፍጡራን ወገን ነውና ከዚያ በፊት አልነበረም።

በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደምንሰማው በዕለተ እሑድ ስምንት ፍጥረታት ተፈጠሩ፤ እነርሱም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ጨለማ፣ ሰማያት፣ መላእክትና ብርሃን ናቸው። ከአራቱ ባሕርያት የተገኘው ግን ግብር እምግብር ነው፤ ካለው የተገኘ ማለት ነው። ጨለማን ከፍጡራን መቁጠራቸውን ስናይ በዚህስ ከፍሬደጊስ ጋር ይስማማሉ ልንል እንችላለን፤ በአለመኖር ግን አይስማሙም።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ባልደከሙበት ነበር። አርዮስ ስለ ወልድ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ፤ ካለመኖርም ተገኘ» ብሎ ባስተማረ ጊዜ፣ በ325 ዓ.ም በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት ይህን የሚሉትን አወገዙ። ያን ውግዘት ዛሬ በቅዳሴ በምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ አናገኘውም፤ መወለድን ከመፈጠር የሚለየው ቃል ግን በዚያው ጸንቶ ይኖራል።

ክርክሩ ወደ እኛም አገር ደርሷል። ዛሬ የመካነ ሰላም ከተማ በምትገኝበት በቦረና ምድር፣ በጋሥጫ ገዳም ስሙ የሚጠራው አባ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ ሊቅ ነበረ። በ1424 ዓ.ም መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ፤ በዚያም መናፍቃንን አንድ በአንድ እየጠራ ሲረታ አርዮስን አልተወውም። የመጽሐፉ ክፍሎች በበዓላት ቀን ለሕዝብ እንዲነበቡ የተሰናዱ መሆናቸው እጅግ ደስ ያሰኘናል፤ በደጋው የሚኖረው ገበሬ የማይሰማው ነገር እንዲሆን አልፈለገምና።

ስለምን እንዲህ ተጨነቁ? ቅዱስ አትናቴዎስ ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያቱን ያስረዳል። ሰው ካለመኖር የመጣ ነውና በባሕርዩ ወደዚያው ያዘነብላል፤ የሚያኖረው የቃል ጸጋ ነው። ክፋት የራሱ ባሕርይ የለውም፤ ካለው ዘወር ማለት ነው። ሰው በኃጢአት ዘወር ባለ ጊዜ ወደ አለመኖር መፍረስ ጀመረ፤ ቃልም የፈጠረው ሥራ እንዲጠፋ አልተወምና መጣ። እንግዲህ ቃል ራሱ አንድ ጊዜ ያልነበረ ቢሆን፣ እርሱም በሌላ የሚያዝ ይሆናል እንጂ ሌላውን አይዝም። የሚሰጥም ገደል የያዘውን ሰው ከገደል አያወጣውም።

የወሎ ሰው ይህን በልቡ ያውቀዋል። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም በደረሰው ረኃብ ስንቱ ቤት ተዘጋ፤ ስንቱ መንደር «እንዳልነበረ ሆነ» ተባለ። ሐዘንተኛ ይህን ሲል ልንቆጣው አይገባንም፤ የሚናገረው ዓይኑ ያየውን ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ስታደርስ «እንዳልነበረ» አትለውም። ካህኑ በጥምቀት የወጣለትን ስም ይጠራል፤ በአርባኛው ቀንም ተዝካሩ ሲወጣ ያው ስም እንደ ገና ይጠራል፤ ዘመድ ያልተረፈለት እንደ ሆነ ደግሞ ቄሱ ብቻውን ይጠራዋል።