ከክርታስ እስከ ዕጣ

የኮሚክ ሥሩ ግሪክኛው ኮሞስ ነው፤ በወይንና በዘፈን የደመቀ የፈንጠዝያ ጉዞ ማለት ነው። ከኮሞስ ኮሚኮስ ወጣ። የአሜሪካ ጋዜጦች ተከታታይ ሥዕል ማተም ሲጀምሩ አንባቢን ለማሳቅ ነበርና ስሙ ሰመረ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1929 እ.ኤ.አ. ታርዛንና ባክ ሮጀርስ በአንድ ቀን ጋዜጣ ላይ ወጡ። ሳቁ ለጀብዱ ቦታ ለቀቀ፤ ስሙ ግን ጸና።

ካርቱን የጣልያንኛው ካርቶኔ፣ ማለትም ወፍራም ወረቀት ነው። ካርቶኔ ከካርታ፣ ካርታ ከግሪክኛው ኻርቴስ ይወለዳል። የግእዙ ክርታስም ከዐረብኛው ቂርጣስ ጋር እዚያው ይደርሳል። ስለዚህ ካርቱኑ፣ ጀግናው የሚከተለው ካርታና በጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ የሚጫወተው ሰው የገጸ ባሕርዩን ጉልበትና ትጥቅ የሚመዘግብበት ክርታስ የአንድ አያት ልጆች ናቸው።

ገጸ ባሕርይ ራሱ ሀብታም ቃል ነው። ገጽ ፊትም ነው፣ የመጽሐፍ ገጽም ነው። ባሕርይ በግእዝ ጠባይንም ዕንቁንም ይጠራል፤ ከባሕር የሚወጣ ነውና።

የሚና ጨዋታ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ሮል ከላቲኑ ሮቱሉስ፣ ከትንሿ መንኰራኵር ወረደ። ተዋናዩ ንግግሩን የሚያጠናበት ጥቅል ወረቀት ነበር፤ ኋላ ለሚናው ስም ሆነ። በእኛ በኩል ግእዙ ተዋነየ ተጫወተ ማለት ነው፤ ተውኔትም ጨዋታ። አማርኛ ተውኔትን ለመድረክ ሰጠው። የሌላን ሰው ድምፅ እየተናገሩ መጫወት ሁለቱን ፍቺ መልሶ ያገናኛል።

ሃል ፎስተር በ1937 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኮሚክ፣ ፕሪንስ ቫሊያንት፣ የንግግር ፊኛ የለውም፤ ታሪኩ በትረካ ይሄዳል። ግሬግ ስታፎርድ በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ ጠረጴዛ ጨዋታ ሲያመጣው ያን ዝምታ የሚሞሉት ተጫዋቾቹ ሆኑ። ዕድልን የሚለየውም በዳይስ ፈንታ የሚወረወር ሳንቲም ነው። ሳንቲም የፈረንሳይኛ ቃል ነው፣ መቶኛ ማለት። ከሳንቲም በፊት ዕድል በእንጨት ይለይ ነበር፦ ዕጣ የግእዙ ዕፃ ነው፣ ሥሩም ዕፅ፣ ብዙው ዕፀው፤ ተዓፀወ ዕጣ ተጣጣለ።

አድቬንቸር የላቲኑ አድቬኒሬ፣ መምጣት፣ ልጅ ነው። አድቬንቱራ ሊመጣ ያለ ነገር ነው፤ በጥንቱ ፈረንሳይኛም አቫንቱር ዕድልንና የሚገጥምን ነገር ይጠራ ነበር። ከድሮ ኮሚክ የጨዋታ ሐሳብ ለሚቀዳ ሰው ደንቡ ከዚህ ይገኛል። ቫሊያንት ብቻውን ድልድይ ላይ ቆሞ የቫይኪንግን ጦር የሚመክትበትን ሥዕል ይውሰድ። ድልድዩን፣ ጦሩንና ከኋላ የሚጠበቁትን ሰዎች ይያዝ፤ የፍልሚያውን ፍጻሜ ይተው። የታተመው ፍጻሜ አንዴ መጥቶ አልፏል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት የሚፈልጉት ሊመጣ ያለውን ነው፤ እሱንም ውሳኔያቸውና ዕጣቸው ያመጡታል።